«ጆው» እና «ፉ» ወደ አማርኛ ሲመለሱ፦ የሁዌይጆው ጉዳይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥንታዊት ቻይና የተጻፉ ታሪኮች ሲተረጎሙ «ጆው»ን አንዱ ክፍለ ሀገር፣ ሌላው አውራጃ፣ ሌላው ደግሞ ከተማ ይለዋል። «ሁዌይጆው ፉ» የሚለው የግዛት መጠሪያ ደግሞ ሁለት የአስተዳደር ቃላትን ደርቦ ይዟል። እንዴት ብንተረጉመው ይሻላል?

መልስ፦ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚጠራው ግዛት በየዘመኑ እየጠበበ መሄዱ ነው ተርጓሚዎችን ያለያያቸው። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን አንድ ጆው «ጁን» የሚባሉ ብዙ ግዛቶችን የሚያቅፍ ሰፊ አገር ስለነበር፣ ለዚያ ዘመን ክፍለ ሀገር ማለት ያስኬዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ጆዎቹ እየተሸነሸኑ ቁጥራቸው ከ200 በላይ በመድረሱ፣ የስዌይ መንግሥት በ583 እ.ኤ.አ. ጁን የተባለውን እርከን ሰርዞ ጆውን በቀጥታ የወረዳዎች የበላይ አደረገው። በደቡብ ቻይና ተራሮች መካከል የሚገኘው ይህ የጠየቁት ግዛትም በ589 «ሸጆው» ተባለ፤ ፋንግ ላ የተባለ ሰው የመራው ዓመፅ በተደመሰሰበት በ1121 ደግሞ የሶንግ ቤተ መንግሥት ስሙን ለውጦ ሁዌይጆው አለው።

«ፉ» በታንግ ዘመን ለመናገሻ ከተሞችና ለአካባቢያቸው የተሰጠ የክብር ማዕረግ ነበር። በሚንግ ዘመን ግን ተራ የአስተዳደር እርከን ሆነና ሁዌይጆውም ፉ ተባለ፤ የቀድሞው «ጆው» ትርጉሙን አጥቶ የስሙ አካል ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «የሁዌይጆው አውራጃ» ማለት በቂ ነው። ከበታቹ ስድስት ወረዳዎች ነበሩት፤ ከበላዩ ደግሞ፣ የሚንግ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በ1667 ራሱን የቻለው የአንሁዌይ ክፍለ ሀገር ነበር (የክፍለ ሀገሩ ስም ራሱ ከአንቺንግ አውራጃና ከሁዌይጆው ስሞች የመጀመሪያ ቀለሞች የተውጣጣ ነው)። በእኛም አገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አውራጃ በጠቅላይ ግዛትና በወረዳ መካከል ስለነበር እርከኑ ይገጥማል። «ከተማ» የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ የአውራጃው ገዥ በቅጥር በታጠረ ከተማ ቢቀመጥም ግዛቱ በአብዛኛው ተራራና ገጠር ነበር።

ሌላ አባል፦ «ቻውፌንግ» የሚለው ቃል ከዚሁ አውራጃ ሰዎች ጋር ተያይዞ ሲነሳ አያለሁ። የሹመት ስም ነው ወይስ የነጋዴ?

መልስ፦ ሁለቱንም ሆኗል። በሶንግ ዘመን ቻውፌንግ በመንግሥት ማዕረጎች ስም ውስጥ የሚገኝ ቃል ነበር፤ ቆይቶ የሁዌይጆው ባለጠጋ ነጋዴዎች የአክብሮት መጠሪያ ሆነ፤ የአውራጃው ተወላጆች በአራጣ አበዳሪነትና በመያዣ ብድር ሥራ ስለታወቁ፣ በመጨረሻ ለመያዣ የመጣውን ዕቃ የሚገምተው ሠራተኛ በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር።

ወደ ንግድ የገፋቸው የእርሻ መሬት ጥበት ነው። የአገሩ ሰው ራሱ ሲተርት «በቀድሞ ሕይወትህ ደግ ሳትሠራ ብትቀር በሁዌይጆው ተወለድህ፤ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላህ ወደ ውጭ ተወረወርህ» ይላል። ልጆቹ ገና በለጋነታቸው ንግድ እንዲማሩ ወደ ሩቅ ከተሞች ይላኩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በያንግጆው ከተማ የጨው ንግድ እጅግ የበለጸጉ ወጥተዋል። አንዳንድ ተርጓሚ የተረቱን መጨረሻ «ተላክህ» ብሎ ያለሰልሰዋል፤ የቻይንኛው ግሥ ግን ዕቃ አሽቀንጥሮ ለመጣል የሚያገለግል ስለሆነ «ተወረወርህ» እንዳለ ቢቆይ እመርጣለሁ።