ካሊፐር ከተቀየረ በኋላ የፍሬን ፔዳሉ ለሰለሰ፤ ማስተር ልግዛ?

ያሪስ_ከአያት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የያዝኩት የ2006 ያሪስ ነው፣ "የአውሮፓ" የሚባለው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር።

በቅርቡ ከእንጦጦ ስወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ቀኝ የፊት ቸርኬ ሳስጠጋ ግለቱ ያስደነግጣል። የግራው ለብ ያለ ብቻ ነው። ፍሬን ሳልይዝም መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትት ነበር።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። "ካሊፐሩ ነክሷል፣ ሁለቱም ይቀየር" አሉኝ። ካሊፐር የሚሉት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ነው። ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ጥንድ አመጡ፣ ገጠሙ፣ ዘይት ሞሉ፣ አየር አስወጡ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ስረግጠው ወለሉ አካባቢ ይደርሳል። ደጋግሜ ስረግጠው ከፍ ይላል፣ ግን ያኔም እንደ ትራስ ነው፣ አይጠጥርም። አየሩን መላልሰው አስወጡ፣ አንድ ሙሉ ሊትር ዘይት አለቀ። አሁን "ማስተሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" እያሉኝ ነው። ማስተር የሚሉት ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ነው። ጋራዥ ስገባ ደህና የነበረው እዚያው ቆሞ እንዴት ሞተ?

የሚፈስ ዘይት የለም። የፍሬን ዘይት ጣሳው ውስጥ ያለውም አልቀነሰም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቀኙ ጎማ አሁንም ይሞቃል። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ግን ይሞቃል። የምታውቁ ምከሩኝ።

ቡልቡላ_ኮሮላ፦

ማስተር ነው፣ አትልፊ። የኔም ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር። ማስተሩ ሲቀየር ተገላገልኩ።

ጋሽ_ፍሬን፦

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ማስተር ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር እይልኝ። መሪውን ወደ አንድ ጎን እስከ መጨረሻው አዙሪና ከጎማው ጀርባ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ካሊፐሩ ላይ ትንሽ የጎማ ቆብ የደፋች ብሎን አለች። አየር የሚወጣው በሷ ነው። ከላይ ነች ወይስ ከታች? በሌላውም በኩል እንደዚሁ አይተሽ ንገሪኝ።

ለምን መሰለሽ። አየር ዘይት ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ስለዚህ ማስወጫዋ ከላይ መሆን አለባት። የግራና የቀኝ ካሊፐር ደግሞ መንትያ ናቸው፣ ብዙ መኪና ላይ ተቀያይረውም ይገጥማሉ። ብሎኑ ቦታውን ያገኛል፣ ሸራው ይገባል፣ ጎማው ይታሰራል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ማስወጫዋ ግን ወደ ታች ዞራለች። ከዚያ በኋላ በርሜል ሙሉ ብታፈሺ ከታች የሚወጣው ንጹህ ዘይት ነው። አየሩ ከላይ ቁጭ ብሏል። ሶማሌ ተራ ጥንድ ሲሸጡ "ይሄ ግራ፣ ይሄ ቀኝ" ብለው አይጽፉበትም።

ማስተሩን ራስሽ መፈተን ትችያለሽ። ሞተሩን አስነሺና ፔዳሉን በቀስታ ረግጠሽ ያዢው፣ አትልቀቂ። እግርሽ ሳይጨምር ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ውጭ የሚፈስም ከሌለ፣ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ዘይት ያሳልፋል ማለት ነው። ባለበት ከቆመ አትንኪው። ደጋግመሽ ስትረግጪ ከፍ ብሎ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ነው። ከፍ ብሎ ጥጥር የሚል ከሆነ ደግሞ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፣ እሱን ማስተካከል ነው። ያንቺ አነጋገር አየሩን ይመስላል።

ቡልቡላ ያለው ወንድሜ ያለውም ከባዶ አልተነሳም። አሮጌ ማስተር ላይ አየር ለማስወጣት ፔዳሉን እስከ ወለል ከረገጡት፣ ጎሚኒው ሄዶ የማያውቅበት ቦታ ይሄዳል። እዚያ የተጠራቀመው ዝገትና ቆሻሻ ይበላዋል። ደህና የነበረ ማስተር ጋራዥ ውስጥ የሚሞተው እንደዚህ ነው። ፔዳሉ ስር ቁራጭ ጣውላ ማስገባት ያድነዋል።

ያሪስ_ከአያት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶ አንስቻለሁ። ሁለቱም ወደ ታች ናቸው! ወደ ካሊፐሩ የሚወርደው የዘይት ላስቲክም በግራ በኩል ትንሽ ተጠምዝዟል። ፔዳሉንም እንዳሉኝ ያዝኩት፣ ባለበት ቆመ። አልሰመጠም።

ጋሽ_ፍሬን፦

በቃ፣ ተገኘ። ማስተሩን እርሺው። ጋራዡን አልሳደብም፣ ሲጣደፉ የሚደርስ ነገር ነው። ድጋሚ የእጅ ዋጋ ግን እንዳትከፍዪ።

ሁለቱም ይፈቱ፣ ቦታ ይቀያየሩ። ካሊፐሩ ሲፈታ በላስቲኩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ በሽቦ ሱስታው ላይ ይሰሩት። ላስቲኩን ከካሊፐሩ ጋር የሚይዘው ብሎን ሁለት የመዳብ ሮንዴላ አለው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ። አዲስ ይግባበት። አሮጌው አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጽ ስለያዘ ያልባል። ያንን ለማቆም ብሎኑን አለመጠን ያጠብቁታል፣ እሱ ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይበጠሳል።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ይውጡና ይታዩ። በጣት ሲገፉ መሄድ አለባቸው። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ አለው። የትኛው ከላይ እንደነበር ሳይፈቱ በፊት ይታይ። በቤንዚን አይታጠብ፣ በተራ ግራሶም አይቀባ። ሁለቱም ጎማውን ያሳብጡታል፣ ፒኑ ይነክሳል፣ ከዚያ "ካሊፐሩ ተበላሽቷል" ይባላል። ለፍሬን ተብሎ የሚሸጥ ሲሊኮን አለ፣ እሱን ግዢ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የቀኙ ጎማ ካሊፐሩ ከተቀየረም በኋላ ከሞቀ፣ መጀመሪያውኑ ጥፋቱ የካሊፐሩ ላይሆን ይችላል። እኔ የምጠረጥረው ላስቲኩን ነው። መካኒኮች ፍሌክሲብል የሚሉት፣ ከብረት ቱቦው ወደ ካሊፐሩ የሚወርደው።

ላስቲክ ከውጭ ደህና ሆኖ ከውስጥ ይሞታል። አንድ ጊዜ የፈታሁትን ሰው ስላላመነኝ በምላጭ ርዝመቱን ሰንጥቄ አሳየሁት። ላዩ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ውስጡ አብጦ ቀዳዳው ጠፍቷል፣ ቀጭን ሽቦ በግድ ነው ያስገባንበት። ከውስጠኛው ንብርብር የተላጠ ቅርፊት ደግሞ ወደ ካሊፐሩ ተኝቶ ነበር። ስትረግጪ የእግርሽ ግፊት ብዙ ስለሆነ ዘይቱ ቅርፊቱን ገፍቶ ያልፋል። ስትለቂ የሚመልሰው ኃይል የለም።

ካሊፐር ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን የሚመልስ ሱስታ የለም እኮ። የሚመልሰው ፒስተኑን የከበበው አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮ ይጣመማል፣ ግፊቱ ሲለቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ጸጉር ታህል ይስበዋል። ሸራው ከዲስኩ የሚላቀቀው በዚያች ብቻ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ዘይቱ አይመለስም፣ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይሄዳል፣ ይሞቃል።

ፈተናው ቀላል ነው። ትንሽ ነድተሽ፣ ፍሬን እየያዝሽ፣ ጎማው መንከስ ሲጀምር መኪናዋን በክሪክ አንሡ፣ ከሥሯም ማቆሚያ ይግባ። ጎማው በእጅ ከከበደ መጀመሪያ ከላይ፣ የብረት ቱቦው ከላስቲኩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ትንሽ ይላላ። ጎማው ነጻ ከወጣ ግፊቱን የያዘው ከዚያ በላይ ነው፣ ወደ ማስተሩ ተመለሱ። ካልወጣ ይጥበቅና የካሊፐሩ ማስወጫ ይከፈት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ላስቲኩ ነው። ያኔም ካልተለቀቀ ፒስተኑ ወይም ፒኑ ነው።

ያንን መገናኛ ሲፈቱ ግን ተጠንቀቁ። 10 ቁጥር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከቱቦው ጋር በዝገት ይያያዛል። በተራ ክፍት ቁልፍ ከታገሉት ማዕዘኑ ይላጣል። ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ያለው፣ ቀሪውን ዙሪያ የሚይዝ ቁልፍ አለ። እሱ ከሌላቸው ሌላ ጋራዥ። ብሎኑ ከቱቦው ጋር አብሮ ከዞረ ቱቦው ተጠማዝዞ ይሰበራል፣ የላስቲክ ሥራ የነበረው የቱቦ ሥራ ይሆናል።

አሮጌዎቹ ካሊፐሮችሽስ የት አሉ? ካልተጣሉ ተቀበያቸው።

ሹፌር_አሌክሳንድሪያ፦

"የአውሮፓ ነው" ስትሉ እናንተ ጥራት ይታያችኋል፣ እኔ ጨው ነው የሚታየኝ። እዚህ ቨርጂኒያ በበረዶ ጊዜ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል። የመኪናውን ሥር የብረት የፍሬን ቱቦ የሚበላው እሱ ነው። በየዓመቱ ያለው ምርመራ ላይ ዝገት የበላው ቱቦ ከታየ አያሳልፉሽም። አውሮፓም ብዙ ቦታ ጨው ይነሰንሳሉ። መኪናዋ ከተነሳች አይቀር፣ ቱቦውን እስከ ኋላ ድረስ በባትሪ እዪው። ፕላስቲክ ማቀፊያው ሥር ነው የሚበሰብሰው፣ ጭቃ የሚይዝበት።

ያገለገለ ካሊፐር መግዛት ደግሞ አልገባኝም። እዚህ የታደሰ ነው የምንገዛው። አሮጌውን እስክትመልሺ ማስያዣ ይይዙብሻል፣ እሱን አድሰው ለሌላ ይሸጡታል።

ጋሽ_ፍሬን፦

አሌክሳንድሪያ፣ እዚህም እኮ ማደስ ይቻላል፣ ትዕግሥት ነው የጠፋው። ፒስተኑ በአየር ግፊት ይወጣል። ፊት ለፊቱ ጣውላ፣ ጣት ደግሞ ሩቅ፤ ሲወጣ ቀልድ አያውቅም። ላዩ ከጠራ አዲስ ጎሚኒና አዲስ የአቧራ መከላከያ ይበቃዋል። ዝገት ቆፍሮት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ሊያታልሉሽ አይገባም፣ ጎሚኒውን እንደ ገባ ይቆርጠዋል።

ስለ ቱቦው ትክክል ነህ። እኔ የምፈራው ግን ዝገቱን ሳይሆን ጥገናውን ነው። የበሰበሰውን ቆርጠው የፍሪጅ መዳብ የሚያስገቡ አይቻለሁ። ንጹህ መዳብ መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። የብረት ይሁን፣ ወይም መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ለፍሬን የሚሸጠው። ጫፉ ሲከፈት ደግሞ የጃፓን መኪና ሁለቴ የታጠፈ ነው የሚፈልገው። አንዴ ብቻ ከተከፈተ ግፊት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ከማስተሩ የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ ቀን ጊዜ ሰጥታችሁ እዩ። አንዳንዱ የተቀጠለበት መንገድ ያስለቅሳል።

ጎጃም_መስመር፦

ከርዕሱ ልውጣና፣ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ላይ ዶት 4 መጨመር ይቻላል? ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ጋሽ_ፍሬን፦

ይቻላል። የማይቀላቀለው ዶት 5 ነው፣ እሱ ሲሊኮን ነው። ያንተ ግን መጨመር ሳይሆን ጨርሶ መቀየር ነው የሚያስፈልገው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ስትወርደው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይፈላል። የፈላው እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳልህ ለዚያ ነው የሚሰምጠው። ዘይቱን ለውጥ፣ ማርሽ ቀንሰህ ውረድ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት አትግዛ።

ያሪስ_ከአያት፦

ተቀያየሩ። ፔዳሉ አሁን ከላይ ነው የሚይዘው፣ ጥጥር ብሏል። የእጅ ዋጋ አልከፈልኩም፣ ፎቶውን ሳሳያቸው ዝም አሉ። ለቀኙ ጎማ ጋሼ ያሉትን ፈተና አደረግን። ከላይ ሲላላ አልተላቀቀም፣ ማስወጫው ሲከፈት ዘይቱ ተፈናጥሮ ጎማው ተለቀቀ። ላስቲኩ ነው! አሮጌዎቹን ካሊፐሮች ከቆሻሻ መጣያው ሥር አወጣኋቸው። የቀኙን ብቻ ላስቀይር ወይስ ሁለቱንም ላስቲክ?

ጋሽ_ፍሬን፦

ሁለቱንም። እኩል ዕድሜ ናቸው፣ የግራውም ተጠምዝዞ ነበር ብለሻል። አዲስ ይሁን፣ ያገለገለ ላስቲክ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ከታሰረ በኋላ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ይዙር፣ ላስቲኩ ጎማውንም ሱስታውንም መንካት የለበትም። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማው ሲንጠለጠልም ይታይ፣ መወጠር የለበትም። ከዚያ አየር ይውጣ፣ የፊቱ ሁለቱ ይበቃሉ፣ ጣሳው መሀል ላይ ባዶ እንዳይሆን። ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ፣ ቀለሙን ያነሳዋል።