የሙያ ፊዳችንን እናጽዳ ወይስ ሰው እየቆረጥን ነው?

ኢንጂነሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። ሰሞኑን ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ባለሙያዎች የሚገናኙበት ሊንክድኢን ላይ ከ400 በላይ ሰው አንፎሎው አደረግኩ። ኮኔክሽናችን እንዳለ ነው፣ የሚለጥፉት ብቻ ነው የማይመጣብኝ። ስልችት ብሎኝ ነው። ጠዋት ስለ ድልድይ ዲዛይን አንድ ነገር ላነብ እከፍተዋለሁ፤ የሚመጣው ግን የሹመት ዜና፣ «የምትስማሙ አዎ በሉ» የሚል ፖስት፣ አንድ አንድ መስመር እየተዘለለ የተጻፈ የሕይወት ምክር ነው። ግማሽ ሰዓት ሄዶ ስለ ድልድይ አንድም ነገር አላነበብኩም። አሁን ከሥራዬ ጋር የሚገናኙ 60 ያህል ቀርተውልኛል። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ግን ተቀየመኝ። «ሰው እንደ ዕቃ ይመረጣል እንዴ?» አለኝ። እኔ የሙያ ፊድ፣ ማለትም ስከፍተው የሚመጣልኝ የፖስት ዝርዝር፣ የሥራ መሣሪያ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሰው ኃይል ባለሙያው፦
እህቴ፣ መሰልቸትሽ ይገባኛል፤ በመፍትሔሽ ግን አልስማማም። የመረጥሻቸው 60 ሰዎች የሚያውቁት አንቺ የምታውቂውን ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ ነጥቡ ይሄ ነው፦ አዲስ ወሬ፣ የሥራ ወሬም ጭምር፣ አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ይመጣል፤ የቅርብ ወዳጅማ የሚሰማው እኛ የሰማነውን ነው። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም ይህንኑ በ20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ፈትሾታል። ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዳው ጠበቅ ያለው ሳይሆን በመጠኑ ላላ ያለው ትውውቅ ሆኖ ተገኘ። አንቺ ያጸዳሻቸው እነዚያን ነው።

ኢንጂነሯ፦
ወንድሜ፣ ትውውቁን መቼ ቆረጥኩ? ጥናቱ የሚያወራው ስለ ትውውቅ ነው፣ የሰው ፖስት ሁሉ ይነበብ አላለም። ሰውየው ቢጽፍልኝ እመልስለታለሁ፣ ብጽፍለትም ይመልስልኛል።

የሰው ኃይል ባለሙያው፦
ማን እንዳለ ከረሳሽ ለማን ትጽፊያለሽ? እኔ ሰው ስፈልግ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ በዚያ ሳምንት ስሙን ያየሁት ነው። ልክ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ዳታ ላይ የምሠራ፦
ሁለታችሁም አልጎሪዝሙን ረሳችሁት። 60 ሰው ብትከተሉም የሚመጣውን የሚደረድረው እሱ ነው፣ ያልተከተላችሁትንም ይጨምርበታል። ሊንክድኢን ራሱ በ2020 እንደገለጸው ላይክ ባታደርጉም አንድ ፖስት ላይ የቆያችሁበት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ተናዳችሁ ያነበባችሁትም «ወደድኩት» ሊባል ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ «ሙያችሁ በሁለት ዓመት ይጠፋል» የሚል ፖስት ሥር ረጅም የንዴት ኮመንት ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላየሁም፣ ሙያህ ይጠፋል፣ ሙያህ ይጠፋል ብቻ። ሰውን ከመንካታችሁ በፊት ፖስቱ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና ያንን ፖስት አልፈልግም በሉት። ሴቲንግ ውስጥም ፊዱን በጊዜ ቅደም ተከተል ማድረግ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እኮ በጣም ትላልቆቹ መድረኮች በግል መረጃ ላይ ያልተመሠረተ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ይህ መብት ለሁሉም ቢሆን ደስ ባለኝ።

አዲስ ተመራቂ፦
እኔ ከሚጸዱት ወገን ስለሆንኩ ልናገር። ተከታይ የለኝም፣ ስሜን የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያ ዲዛይኔን ለጥፌ ሦስት ቀን ስልኬን እየከፈትኩ ስጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት የማላውቃት ባለሙያ ስዕሉን አጉልታ አየችና «ሁለተኛው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚው) ላይ ያለውን ጭነት ሁለቴ ደምረኸዋል» ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነበር። አራት ዓመት ተምሬ፣ ከክፍል ጓደኞቼም አንድም ሰው ያላየው ስህተት ነው። ትልልቆቹ ሁሉ እርስ በርስ ብቻ ከተከታተሉ የእኔ ዓይነቱን ማን ያርመዋል? ባዶ ምክሩን አጽዱ፣ አልከራከርም። ግን ስታጸዱ ዝም ብላችሁ በስምና በማዕረግ አትምረጡ።

ኢንጂነሯ፦
ይሄ ነክቶኛል። እውነት ለመናገር የመረጥኩት በማዕረግ ነው፤ ዝርዝሩን አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ከ60ዎቹ ውስጥ አንድም ጀማሪ የለም። 400ውን አልመልስም፣ እሱ ላይ አቋሜ ያው ነው፤ ጠዋቴን መልሼ አግኝቻለሁ። ግን ሥራቸውን የሚለጥፉ ጀማሪዎችን ፈልጌ እጨምራለሁ።

የሰው ኃይል ባለሙያው፦
ከሌላ ሙያም ጨምሪ፣ ቢያንስ አምስት ስድስት። በቀረው እንደተለያየን ነን።

ኢንጂነሯ፦
እሺ፣ እሱንም አስብበታለሁ። አንተ ተመራቂው፣ የታረመውን ስዕል እስኪ እዚህ ለጥፈው፣ እኔም ልየው።