የማሳ ድንበር ላይ እንጆሪና እንግጫ አስቸገረ፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ (የምስር ማሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሳው ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ፣ ስንዴና ምስር የሚፈራረቅበት። በላይኛው ድንበር 80 ሜትር ያህል የዱር እንጆሪና ቀጋ ተጠላልፎ በየዓመቱ ወደ ማሳው ይገፋል፤ አሁን ስፋቱ አራት ሜትር አልፏል። በየዓመቱ ጥር ላይ ተመንጥሮ ይቃጠላል፣ ክረምት ሲገባ ግን ይብሱን በዝቶ ይወጣል። በታችኛው ድንበር ክረምቱን ውኃ ይተኛል፤ እዚያ ደግሞ እንግጫ ሞልቶታል። ለስንዴው የተገዛው ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ቢረጭበት ጫፉ ቢጫ ሆነና መልሶ አገገመ። ከየት ልጀምር? ድንበር መንካቱስ ከጎረቤት አያጣላም?

መልስ (ዶማ)፦
እሳቱ የሚበላው ላይ ላዩን ብቻ ነው። የእንጆሪ ነፍሱ አንገቱ ላይ ናት፦ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ያበጠው ክፍል፣ ከአፈሩ በታች አንድ ስንዝር በማይሞላ ጥልቀት። እሱ ካልወጣ መመንጠሩ መግረዝ ነው፤ የበለጠ ያበቅለዋል። ሁለተኛ፣ ረዥሙ ሐረግ ጎንበስ ብሎ ጫፉ እርጥብ አፈር ከነካ እዚያው ሥር ሊሰድ ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ ምንም ባትሠራ እንኳ ነሐሴና መስከረም ላይ በማሳው በኩል የተንጠለጠለውን ጫፍ መሬት ሳይነካ ቁረጠው።

ለመንቀል ጥርን ተወው። መረሬ ጥር ላይ እንደ ጡብ ደርቆ ስለሚጠነክር አንገቱ ይበጠስና ሥሩ ይቀራል። ዝናቡ እንዳባራ፣ ጥቅምት ላይ አፈሩ ገና ርጥበት ሳለ ሥራው። ሐረጉን በገጀራ ስትቆርጥ 30 ሴ.ሜ ጉቶ አስቀር፤ አንገቱን የምታገኘው በእሱ ነው። የተቆረጠውን በባላ እንጨት እየጎተትክ አውጣ። ከዚያ ጉቶውን ዙሪያውን 30 ሴ.ሜ ርቀህ ቆፍርና አንገቱን ከወፍራም ሥሮቹ ጋር ፈንቅለህ አንሣ። የተነቀለውን እርጥብ አፈር ላይ አትተወው፣ መልሶ ይይዛል፤ ድንጋይ ላይ ገልብጠህ ፀሐይ ያድርቀው።

80 ሜትሩን ሁሉ በአንድ ዓመት አትሞክር። 20 ሜትር አጥርቶ መንቀል 80 ሜትር ላይ ላዩን ከመመንጠር ይሻላል፤ ቡቃያውን ከወር ከወር ተኩል በኋላ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ክረምት ተመልሰህ ካልለቀምክ ድካሙ ከንቱ ነው። ድንበሩ ላይ አንድ ሜትር ያህል ቀጋ ብታስቀር ደግሞ ከብት ይከላከልልሃል፣ አፈርም ይይዛል።

መልስ (ውኃ ልክ)፦
የእንግጫው ነገር ውኃ ነው። ውኃው እዚያ እስከተኛ ድረስ ብትነቅለውም ብትረጨውም ተመልሶ ይመጣል። በናንተ አካባቢ ውኃው በመሃሉ ቦይ እንዲወርድ ከፍ ተደርጎ በእጅ የሚሠራው መደብ ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መጨረሻው ነው፦ የቦዩ ጫፍ ድንበሩ ጋ ሲደርስ በአፈር ይደፈናል፣ ከመደቡ የወጣው ውኃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። እንግጫህ የበቀለበትን ቦታ እይ፤ የቦዮቹ አፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በታችኛው ድንበር መሰብሰቢያ ቦይ ቆፍር። ሁለት እኩል እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሃሉ ላይ የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ይበቃል። በየ10 ሜትሩ 5 ሴ.ሜ ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ለ80 ሜትር በጠቅላላው 40 ሴ.ሜ ማለት ነው። ተዳፋቱን ከዚህ ብዙ ብታበልጠው ውኃው ወለሉን እየበላ ቦረቦር ይሠራል። ወለሉ 30፣ ጥልቀቱ 30፣ የላዩ ስፋት 90 ሴ.ሜ ይሁን። ግድግዳውን ቀጥ አድርገህ ከቆፈርክ መረሬ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይደረመሳል። የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል ከምረው፤ በማሳው በኩል ከከመርከው የቦዮቹን አፍ መልሰህ ደፈንክ። ቢቢኤም (በበሬ የሚጎተተውን የመደብ ማውጫ) የምትጠቀም ከሆነ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴ.ሜ ነው፤ እያንዳንዱ ቦይ እዚህ መሰብሰቢያ ውስጥ መግባቱን ዝናብ እየዘነበ ሄደህ እየው።

እንግጫውን ራሱን አንድ ቦታ ቆፍረህ ሥሩን ተመልከት። እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተያያዙ እንክብሎች ካሉት እያንዳንዷ ፍሬ አዲስ እንግጫ ናት። እርጥብ ሳለ ማረስ ሰንሰለቱን በጣጥሶ ማሳው ሁሉ ላይ መዝራት ነው። አዝመራ እንደተነሣ፣ አፈሩ ሳይጠነክር አንዴ አርሰህ ገልብጠው፣ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ደግመህ እረስ፤ ፍሬዋ ከደረቀች አትበቅልም። ከዚያ ቦታ ስትወጣ ማረሻውን ጠርገህ ውጣ።

መልስ (ፓምፕ)፦
ቱ-ፎር-ዲ ቅጠለ ሰፋፊ አረም ላይ ነው ኃይሉ። እንግጫ ላይ ቅጠሉን ቢጎዳም መሬት ውስጥ ያለችውን ፍሬ አይደርስባትም። ይልቅ ተጠንቀቅ፣ ነፋስ ከወሰደው የጎረቤትህን ምስር ወይም ሽንብራ ያጠፋል።

መድኃኒት የግድ ካልክ ግላይፎሴት ነው። ጣሳው ላይ 480 (በሊትር 480 ግራም) የሚለው ከሆነ 300 ሚሊ ሊትር በ15 ሊትር ፓምፕ፤ በፊት ግን የጣሳውን ጽሑፍ አንብብ። ለእንጆሪ ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠው ጉልበት ደርሶ ቅጠሉ ሲሞላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ያውም ሳያብብ። አበባ ላይ ንብ አለ፣ ፍሬውን ደግሞ ልጆች ይለቅሙታል። ለእንግጫ አበባ ሳያወጣ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ሲያገግም ይደገማል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ውኃው ላይ ነው። የደፈረሰ የወንዝ ውኃ ከሆነ ግላይፎሴቱ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ ጥሩ ውኃ ተጠቀም። ከረጨህ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ዝናብ እንዳያገኘው፣ ሦስት ሳምንትም አትቁረጠው፣ ሥሩ ድረስ ይውረድ። ይህ መድኃኒት ስንዴም ምስርም አይለይም፤ የፓምፑን አፍንጫ ዝቅ አድርገህ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ብቻ። የቀጋ ወፍራም ጉቶ ላይ መርጨት አያስፈልግም፦ አንድ እጅ መድኃኒት በአራት እጅ ውኃ በጥብጠህ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ በብሩሽ ቀባው። ቢዘገይ አይመጠውም። ጓንትና ቦት አትርሳ፤ ባዶውን ጣሳ ብሳው፣ ለውኃ መቅጃ እንዳይውል።

ጥያቄ (የምስር ማሳ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከተነቀለ በኋላ ባዶው ቦታ ላይ አፈር እንዲይዝ ቬቲቨር ሣር ብተክልስ? የቦዩ ውኃ ወዴት ይለቀቅ?

መልስ (ደሾ)፦
በ2,600 ሜትር ቬቲቨርን ብርዱ ያቀጭጨዋል፤ ደሾ ሣር ይሻልሃል፣ ለከብትም ይታጨዳል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግንጣዩን በ10 እስከ 15 ሴ.ሜ ርቀት በሁለት ረድፍ ትከል። ባዶ አትተወው፣ ወፎች የጣሉት የእንጆሪ ዘር የሚበቅለው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ከብት አታስገባበት።

ውኃውን ወደ ተፈጥሮ ፈሰስ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አትልቀቅ። መውጫው በእሱ በኩል ብቻ ከሆነ ቦዩን አብራችሁ ቆፍሩ፣ ለሁለታችሁም ይሆናል። ድንበሩን በተመለከተ፣ ገጀራ ከመነሣቱ በፊት ጎረቤትህንና የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ጥራ። አራት ሜትር ቁጥቋጦ ሲነሣ የድሮው የድንበር ድንጋይ ይገለጣል፤ ከይዞታ ደብተርህና ከካርታው ጋር በእነሱ ፊት አመሳክሩ። ድንጋዩን አታንቀሳቅስ፤ ቦዩንም ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ወደ ራስህ ገብተህ ቆፍር፣ ዳሩ ቢደረመስ እንኳ ድንበር እንዳይገፋ።