የሃሚልተን የ2008 ዋንጫ፦ የችሎታ ነው ወይስ የዕድል?

ጥያቄ፦ የእሑድ ተመልካች

ጤና ይስጥልኝ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር የገጠምነው ክርክር እልባት ስላጣ እናንተ ብትፈርዱን ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ሉዊስ ሃሚልተን በ98 ነጥብ ዋንጫውን ሲወስድ ፌሊፔ ማሳ በ97 ነጥብ ሁለተኛ ወጣ። ከ18ቱ ውድድሮች ማሳ ስድስቱን ሲያሸንፍ ሃሚልተን ያሸነፈው አምስቱን ብቻ ነው። የመጨረሻው ውድድር ሳኦ ፓውሎ፣ ኢንተርላጎስ ላይ ነበር፤ ማሳ በሀገሩ ሕዝብ ፊት አንደኛ ሆኖ መስመሩን ሲያልፍ፣ ቢያንስ አምስተኛ መውጣት የነበረበት ሃሚልተን ገና ስድስተኛ ነበር። የማሳ ቤተሰብ ጋራዡ ውስጥ ተቃቅፎ መጨፈር ጀምሮ ነበር። ሃሚልተን ግን ሊጠናቀቅ አንድ መታጠፊያ ሲቀረው፣ በደረቅ መንገድ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ የሚያዘግመውን ቲሞ ግሎክን አልፎ አምስተኛ ሆነ። ወንድሜ ይህን ችሎታ ይለዋል፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ጎማ ስለከዳው የተገኘ ዋንጫ ነው ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ምላሽ፦ ዝናብ ወዳድ

የብዙ ሰው ስሕተት የመጨረሻዋን መታጠፊያ ብቻ ማየቱ ነው። እስኪ ግሎክ ከሃሚልተን ፊት እንዴት እንደተገኘ እንመልከት። ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ዝናብ ሲጥል ሃሚልተንና አብዛኞቹ ተፎካካሪዎች ወደ ፒት (መኪኖች ጎማ ወደሚቀይሩበት ማቆሚያ) ገብተው የዝናብ ጎማ አስገጠሙ። እስከዚያ ድረስ ግሎክ ከሃሚልተን ኋላ ነበር። ቡድኑ ቶዮታ ግን ዝናቡ ሳይበረታ ውድድሩ ያልቃል ብሎ በደረቁ ጎማ እንዲቀጥል አደረገው፤ ሌሎቹ ጎማ ሲቀይሩ እርሱ ስላልቆመ ብቻ ከፊት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሴባስቲያን ፌትል ሃሚልተንን ስላለፈው ሃሚልተን ወደ ስድስተኛነት ወረደ።

እንግዲህ ግሎክ እንደ ሌሎቹ ጎማ ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ሃሚልተን ፌትል ካለፈው በኋላም አምስተኛ ሆኖ በጨረሰ፣ ዋንጫውንም በወሰደ ነበር። ዕድሉን የሞከረው ግሎክ ነው፤ ሙከራው አልሠመረለትምና ነገሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ያቺ የመጨረሻ መታጠፊያ ለዓይን ግሩም ትዕይንት ናት፣ ለክርክርዎ ግን እምብዛም አትረዳም።

ችሎታን ማየት ከፈለጉ የዚያኑ ዓመት የሲልቨርስቶን ውድድር ይመልከቱ። ዝናቡ ለሁሉም እኩል ነበር። ማሳ በዚያ ውሃ ላይ አምስት ጊዜ ተሽከርክሮ 13ኛ ሲወጣ፣ ሃሚልተን ሁለተኛውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በሌላ በኩል ያንኑ የማክላረን መኪና የነዳው ሄይኪ ኮቫላይነን ዓመቱን በ53 ነጥብ ነው የጨረሰው። የ45 ነጥብ ልዩነት ከግሎክ ጎማ የመጣ አይደለም።

ምላሽ፦ መካኒኩ

በሙያዬ መኪና ጠጋኝ ስለሆንኩ ስለ ሞተሩ ትንሽ ልናገር። ሃንጋሪ ላይ ማሳ እየመራ ሳለ ሦስት ዙር ሲቀረው ሞተሩ ተቃጠለ፤ አሥር ነጥብ እንደ ጭስ በነነ ማለት ነው። ይህን የሹፌሩ ጥፋት ነው የሚለኝ ካለ አብሬው አልከራከርም። ሲንጋፖር ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል፤ የነዳጅ ቱቦው ገና ከመኪናው ሳይነቀል አረንጓዴው መብራት በራና ማሳ ቱቦውን እየጎተተ ወጣ፤ የቡድኑ የፌራሪ ሠራተኞች በፒቱ መንገድ ሮጠው ሄደው እየታገሉ ሲነቅሉለት መላው ዓለም አየ። ከዚያ ውድድር አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። እኛ ዘንድ ደንበኛው ሳይነገረው መኪናውን አስነስቶ ቢወጣ የሚወቀሰው መካኒኩ ነው፤ እዚያም እንደዚያው ነው።

ያም ሆኖ ለሃሚልተንም ያልቀናበት ጊዜ ነበር። ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ አንደኛ ከገባ በኋላ ሺኬኑን (ፍጥነት የሚያስቀንሰውን የግራና ቀኝ ጠመዝማዛ) አቋርጦ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ 25 ሰከንድ ተጨመረበትና ሦስተኛ ተደረገ፤ ድሉም ለማሳ ተሰጠ። ቅጣቱ ባይኖር የዓመቱ ውጤት 102 ለ95 ይሆን ነበር። በሃንጋሪው ውድድርም ቢሆን ሃሚልተን ጎማው ተንፍሶበት ነው አምስተኛ የወጣው።

ምላሽ፦ የኋላ መስታወት

ሁላችሁም የምትቆጥሩት የአንድ ዓመት ዕድልን ነው። እኔ የማየው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ሃሚልተን ያደገው ስቲቭኔጅ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን አባቱ አንቶኒ የካርቲንጉን (ልጆች የሚጀምሩበትን የትንንሽ መኪና ውድድር) ወጪ ለመሸፈን ብዙ ሥራ እየደራረቡ ይሠሩ ነበር። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ማክላረን ወጣት አሽከርካሪዎችን በሚያሳድግበት መርሐ ግብሩ አቀፈው። ይህ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ችሎታ የትም ላይደርስ ይችል ነበር። በገንዘብ እጦት ምክንያት ካርቲንግ ላይ የቀሩትን ልጆች ስም ማን ያውቃል?

የመኪናውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባህሬን፣ ሳኪር ላይ ሃሚልተን በኮቪድ ተይዞ ሲቀር፣ በዚያ ዓመት በዊሊያምስ ቡድን አንድም ነጥብ ያላገኘው ጆርጅ ራስል በመርሴዲሱ ተተካ። ሁለተኛ ሆኖ ተነሣ፣ ውድድሩንም መራ፤ በፒት የሌላ መኪና ጎማ ባይገጠምለትና ኋላም ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ ለማሸነፍ የተቃረበ ነበር። ከሃሚልተን ሰባት ዋንጫዎች ስድስቱ በመርሴዲስ የተገኙ ናቸውና ይህን ሳይመዝኑ ስለ ችሎታ ብቻ ማውራት አያስኬድም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 ማክላረንን ትቶ ወደዚያ ቡድን ሲሄድ ብዙዎች ተሳስቷል ብለውት እንደነበር አልዘነጋም፤ ያን ምርጫ ዕድል ልበለው ብልኅነት፣ እኔ ራሴ እስካሁን አልወሰንኩም።

ምላሽ፦ የእሑድ ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝናብ ወዳድ ስለ ግሎክ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ውድድሩን እንደገና ከፍቼ አየሁት፤ በእርግጥም ግሎክ ጎማ ሳይቀይር በመቅረቱ ነው ወደ ፊት የወጣው። ያንን ነጥብ ለወንድሜ ለቅቄለታለሁ። የሃንጋሪውን ሞተር ግን አልለቅም፤ እርሱም በተራው ስፓን እየጠራ ያዳርቀኛል። ለመጪው እሑድ የሲልቨርስቶኑን ዝናብ አብረን ልናይ ተስማምተናል።