ክርክር፦ ልጁ ወደ ጤና ኬላው ይምጣ ወይስ ኬላው ከላሟ ጋር ይሂድ?

አስተባባሪ
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከደቡብ ኦሞ ነው። የሐመር፣ የዳሰነች፣ የኛንጋቶም፣ የሙርሲና የቦዲ ልጆች ድርቅ በመጣ ቁጥር ይከሳሉ። ክትባት ያመልጣቸዋል። ተቅማጥና ኩፍኝ ይፈጃቸዋል። መፍትሔው አርብቶ አደሩን ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ባለበት መንደር ማሰባሰብ ነው? ወይስ አገልግሎቱ ከብቱን ተከትሎ ይሂድ? ስድብ የለም። «ኋላ ቀር» የሚል ቃል የጻፈ ሰው ይወጣል።

መምህሩ ከጅንካ
እኔ ይሰባሰቡ ባይ ነኝ። እናት የታመመ ልጅ አዝላ ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ስትደርስ ኬላው ተዘግቷል፤ ባለሙያዋ ወረዳ ለስብሰባ ሄዳለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድጓድ የሚቆፈረው፣ ነርስ የሚቀጠረው፣ የክትባት ፍሪጅ የሚገባው ሰው በርከት ብሎ ላለበት ቦታ ነው። ለሃያ አባወራ ማን ሐኪም ይመድባል?

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደር ቀን እዚሁ ጅንካ ሲከበር አቶ መለስ መጥተው ስለ መስኖና ስለ ስኳር ልማት ተናግረዋል። አጨብጭቤያለሁ። ዛሬም አይቆጨኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ይመድባል ይላል። ሀብቱ የት ይቀመጥ? አህያ ላይ ይጫን?

ቁጥር አይዋሽም
መምህር፣ ከአክብሮት ጋር ልቃወምዎት። መስፈር ልጅ የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ከጥንት ጀምሮ የሰፈረው ደገኛ ልጁ ባልቀነጨረበት። የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እዩት። አማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ፤ ከሁሉም ክልል የባሰው እሱ ነበር። ሶማሌ 27፣ ጋምቤላ 24። የአገሪቱ አማካይ 38። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ጎተራ ባለበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ቁመቴን ግን አትጠይቁኝ።

የመብራቱ ደንበኛ
ግማሹን ብቻ ነገርከን። መቀጨጩን፣ ማለትም ልጅ ለቁመቱ መክሳቱን፣ ለምን ዘለልከው? በዚያው ጥናት ሶማሌ 23፣ አፋር 18፣ አገር አቀፉ 10 በመቶ ነው። አፋር ውስጥ ከ1,000 ልጅ 125ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። አዲስ አበባ 39። የአርብቶ አደሩ ልጅ ቁመት ቢኖረው እንኳ ዕድሜ ነው ያጣው።

ቁጥር አይዋሽም
ልክ ነህ፣ ዘልዬዋለሁ። ግን አስበው። መቀንጨር ለዓመታት የጎደለ ምግብና የተደጋገመ በሽታ ውጤት ነው። መቀጨጭ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። የአርብቶ አደሩ ልጅ ወተት እስካለ ያድጋል፤ ወተቱ ሲነጥፍ ባንዴ ይወድቃል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው «ወተቱ ለምን ነጠፈ?» ብዬ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። የምንከራከርበት ደቡብ ኦሞ በክልሎቹ ሰንጠረዥ ላይ ለብቻው የለም። ከ50 በላይ ብሔረሰብ ከያዘው ከያኔው ደቡብ ክልል ጋር ተደባልቆ 39 በመቶ ተብሎ አልፏል። የሐዋሳና የኦሞራቴ ልጅ ተደምረው ሲካፈሉ የማን መልክ ይወጣል?

የቀድሞ ኤክስቴንሽን
ሰባት ዓመት በዚያው ዞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ወረዳውን ይቅር በሉኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የአካባቢው ልጅ ስለጠፋች ነው እኔ ከሌላ ወረዳ የተመደብኩት። «ልጅሽን ተቅማጥ ይዞታል ወይ?» ብዬ በቋንቋቸው ለመጠየቅ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ከዚያ በፊት የነበሩት እናቶች ምን ብዬ እንዳስረዳኋቸው እግዜር ይወቀው።

ሥራው እንዲህ ነው። የሙዋክ ሜትሩን፣ የክንድ ውፍረት መለኪያ ጥብጣቡን፣ በልጁ ክንድ ላይ ትጠመጥሚያለሽ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ ክፉኛ ከስቷል ማለት ነው። ፕላምፒናት፣ ለከሳ ልጅ የሚሰጠውን የለውዝ ቅቤ መሰል ምግብ፣ በክብደቱ ልክ ለሳምንት ትሰጫለሽ። በሳምንቱ ስትመለሺ ወይ ልጁ አልጨመረም፣ ወይ መንደሩ ራሱ የለም። አንዲት እናት «ለአንዱ ሰጥቼ ሌሎቹን ምን ልበላቸው?» አለችኝ። መመሪያው ላይ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

መምህር፣ ያዩት የተዘጋ ኬላ የኔም ሊሆን ይችላል። ሪፖርት ካላደረስኩ ደመወዜ ይያዝ ነበር። ግን የተሰባሰበውንም መንደር አይቼዋለሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ ቦኖ፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤት። ዝናብ ሳለ ደስ ይላል። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ጎረምሶቹ ከብቱን ነድተው ወደ ሣሩ ሄዱ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ቀሩ። ኬላው ደጃፍ ላይ ነው። የክትባት ካርዱ ሙሉ ነው። ወተት ግን የለም! ልጁ የማሽላ ገንፎ ይበላል፣ ሸፈሮ ይጠጣል። ለማታውቁት፣ ሸፈሮ የቡና ገለፈት ፍል ነው፤ ሆድ ያሞቃል እንጂ አያፋፋም። ክትባቱን የጨረሰ ሆኖ ክንዱ ቀይ የሆነ ልጅ በብዛት ያየሁት እዚያ መንደር ነው።

ያቤሎ
እህቴ ተባረኪ። እኛ ቦረናዎች ይህን ስለምናውቅ ከብቱን ሁለት ቦታ እንከፍለዋለን። ደረቁ ከብት ፎራ ይወጣል፣ ሩቅ። የምትታለበዋ ላም ከቤት ሰው ጋር ትቀራለች። ልጅ የሚጠጣው የሷን ነው። ከ2013 ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ ሲቀርብን ግን የቤቷም ላም አለቀች።

ሶማሌ ክልል፣ ሺኒሌና ሊበን አካባቢ፣ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በደረቁ ወቅት ለጥቂት የሚታለቡ እንስሳት መኖ እየቀረበ ከቤት እንዳይርቁ ተደረገ። የሌላው ቀበሌ ልጆች ሲከሱ የነዚህ ልጆች ክብደት ብዙም አልወረደም። ለሰው ዱቄት ከማደል በፊት ለላሟ ድርቆሽ ማለት ነው። ሰው ይስቅብሃል፣ ግን ይሠራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ለምን ዝም ብላችሁ አትተዋቸውም? ንጹሕ ባህል ነው ያላቸው። እኛ ከተሜዎቹ ነን የታመምነው።

የዲመካ ልጅ
ወንድሜ፣ እኔ ሐመር ነኝ። አንተ የምታየው ፎቶውን ነው። ቱሪስት ለፎቶ ብር ይከፍላል፣ ለኩፍኝ አይከፍልም። ታናሽ እህቴን የወሰዳት ኩፍኝ ነው።

ባህል ካልክ ሚንጊም ባህል ነበር። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ልጅ እርግማን ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ጎረቤቶቻችን ካራዎች በሐምሌ 2004 አቆሙት። ያቆሙትም ቆርቆሮ ቤት ስለገቡ አይደለም። የተማሩ ልጆቻቸው ሽማግሌዎቹን ለምነው፣ ተከራክረው ነው። እኛ መለወጥ አንጠላም። ሰው መጥቶ ካርታ ላይ ቦታችንን ሲያሰምርልን ነው የሚከፋን።

የመብራቱ ደንበኛ
ስሜቱ ይገባኛል። ግን ነሐሴ 1998 ላይ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋዋት ብቻ አይደለም፣ ወንዙንም ይገራል። ከወንዙ ዳር ራቅ ብሎ መስፈር ምኑ ላይ ነው ክፋቱ?

የዲመካ ልጅ
ያ ጎርፍ ገዳይ ነበር። የየዓመቱ ጎርፍ ግን መጋቢ ነበር። ኦሞ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ዝናብ አይጠብቅም። ላም ስትነጥፍ ዳሰነችና ካራ ልጆቻቸውን የሚይዙት በዚያ ማሽላ ነበር። ግድቡ ሲሠራ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅላችኋል ተብሎ ነበር። ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ፤ የድሮው እርሻ ግን አልተመለሰም። ጭራሽ ባለፉት ዓመታት የቱርካና ሐይቅ እየገፋ፣ ወንዙም እየወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዳሰነች ተፈናቀለ። ግድቡ ቆሞ እያለ።

አስተባባሪ
ስለ ግድቡ ለብቻው ክርክር እንከፍታለን። ወደ ልጆቹ እንመለስ። (ሁለት ሰው አስወጥቻለሁ። ቃሉን ታውቁታላችሁ።)

ቁጥር አይዋሽም
መምህር አንቀጽ 41ን ጠቀሱ። ከሱ በፊት ያለው አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደር ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ሁለቱም እኩል ሕግ ናቸው።

«አህያ ላይ ይጫን?» ላሉት ደግሞ መልሱ ቻድ ውስጥ አለ። እዚያ የዘላኖች ሠፈር ሲጠና ከብቶቹ ተከትበዋል፤ ክትባቱን የጨረሰ ልጅ ግን አንድም አልተገኘም። የእንስሳት ሐኪሙ እዚያ መድረሻ መኪናም ነበረው፣ ማቀዝቀዣም ነበረው። ነርሷን አብረው ጫኗት። አለቀ።

መምህሩ ከጅንካ
ይህን አላውቅም ነበር። እኔ መንደሩን ጨርሼ አልተውኩትም፤ ትምህርት ቤት በመኪና አይዞርም። ግን አንቺ ኤክስቴንሽኗ፣ ወተት የሌለበት ኬላ ያልሽው፣ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እስቲ ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ሁሉም ይመጣል። ቅቤ ሻጩ፣ ፍየል ሻጩ፣ እናቶቹ ልጅ አዝለው። እዚያ ለምን አይከተብም?

የቀድሞ ኤክስቴንሽን
በእኛ ወረዳ ገበያ ሞክረነዋል መምህር። ሁለት ሳምንት ሠራን፤ እናቶቹ ተሰልፈው ነበር። ሦስተኛው ላይ በረዶ አለቀ። ፍሪጁ ያለው ወረዳ ነው፣ መኪናው ስብሰባ ሄዷል።

መምህሩ ከጅንካ
የእንስሳት ሕክምናው መኪናስ?

የቀድሞ ኤክስቴንሽን
ቆሞ ነበር፣ ከኛ ግቢ አጥር ማዶ። ግን የሌላ ጽሕፈት ቤት ንብረት ስለሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልን። ደብዳቤውን ጻፍኩ። እኔ ሥራ ስለቅ መልሱ ገና አልመጣም ነበር።