«ቀላል ሥራ ይሰጠው» የሚል የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣን ሠራተኛ እንዴት እንቀበለው?

ጥያቄ፦ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ሜክሲኮ አካባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አርባ ያህል ሠራተኞች ባሉት ማተሚያ ቤት የሰው ኃይል ጉዳዮችን እከታተላለሁ። በወረቀት መቁረጫ ክፍል ስምንት ዓመት የሠራ ባልደረባችን ወረቀት ሲያነሣ ወገቡን ይዞት ከቀረ እነሆ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ «ለ2 ወር ቀላል ሥራ ይሰጠው» የሚል የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆኖም «እኛ ዘንድ ቀላል የሚባል ሥራ የለም፤ ሙሉ በሙሉ ሲሻለው ይመለስ» ብለው መለሱት። ከዚያው ክፍል ሌላ ሠራተኛ በዚሁ ዓመት በተመሳሳይ ሕመም ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። ይኸኛው እንዳይደገም ምን ማድረግ እችላለሁ? በሕጉስ በኩል የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ጠያቂያችን፣ በጊዜ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። ወገቡን የታመመ ሰው እስኪድን ተኝቶ ይቆይ የሚለው እምነት በቤታችንም በሥራ ቦታችንም ሥር የሰደደ ነው፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ለኅትመት በበቃ፣ በሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ከያዛቸው 186 ሰዎች መካከል ከፊሎቹ ሁለት ቀን እንዲተኙ፣ ከፊሎቹ የወገብ ስፖርት እንዲሠሩ፣ የቀሩት ደግሞ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዘወትር ተግባራቸውን እንዲቀጥሉ ተደርጎ፣ ፈጥነው ያገገሙት የመጨረሻዎቹ ነበሩ።

ለእርስዎ ባልደረባ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በካናዳ ኩቤክ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የፓትሪክ ሉዋዜል የሸርብሩክ ጥናት ነው። በወገብ ሕመም ከ4 ሳምንት በላይ ከሥራ የቀሩ 130 ሠራተኞችን የያዘ ሲሆን፣ ሕክምናው ከሥራ ቦታ ማስተካከያ ጋር የተጣመረላቸው ሠራተኞች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.4 ጊዜ ያህል ፈጥነው ወደ መደበኛ ሥራቸው ተመልሰዋል። ማስተካከያው የተሠራው ሠራተኛው፣ የቅርብ አለቃውና ባለሙያው ሥራውን አብረው ተመልክተው በመወያየት ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጅዎ «ሲድን ይምጣ» ሲሉ፣ ከሚያድኑት ነገሮች አንዱን ራሳቸው እየከለከሉት ነው።

ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ሕመሙ ከእግር መዛል፣ በመቀመጫና በጭን መካከል ከመደንዘዝ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ ይኖርበታል። እነዚህ በሌሉበት ግን እንቅስቃሴ መድኃኒቱ ነው።

መልስ፦ በማተሚያ ቤት 22 ዓመት የሠራ፣ የጥረዛ ክፍል ኃላፊ

«ቀላል ሥራ የለም» የሚለው ቃል አሳዝኖኛል፤ እኔም ኃላፊ ሆኜ በተሾምኩ ሰሞን እንዲሁ እል ነበር። ሂሳቡን እንሥራ። 70 በ100 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት አንዱ ቅጠል 56 ግራም ነው፤ 500 ቅጠል ያለው አንዱ ደስጣ 28 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። ይህን ከወለል ጎንበስ ብሎ አንሥቶ፣ ዞሮ፣ መቁረጫው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆማችሁ ቁጠሩ። ደስጣውን ከፍሎ በትንሽ በትንሹ ማንሣት፣ ክምሩን ከወለል ሳይሆን በወገብ ቁመት ባለ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ጠረጴዛውንም መዞር እንዳያስፈልግ ከመቁረጫው ጋር ማስተካከል ይቻላል። ለእኛ ጠረጴዛውን የሠራልን በሠፈራችን ያለ ብረት በያጅ ነው። ለተጎዳው ሰው ለጊዜው የቅጠል ቆጠራ፣ የጥራት ፍተሻና የጥረዛ ሥራ አለ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አታስቀምጡት፣ መቀመጥ ብቻውን ወገብ ይገድላል። ደግሞም ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው በአንድ ዓመት ከወጣ፣ የታመመው ክፍሉ ነው።

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

መጀመሪያ ጉዳቱ በየትኛው መዝገብ እንደሰፈረ ይመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ሲታመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። ነገር ግን እርስዎ «ወረቀት ሲያነሣ» ብለዋል። አዋጁ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ባደረገው ጥረት በድንገት የደረሰበትን ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ይለዋል፤ እንዲህ ከሆነ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ሲሆን፣ ለጊዜያዊ ጉዳት የሚከፈለውም ለመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥለው 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪው 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። ባልደረባዎ አሁን ግማሽ ደመወዝ እየተቆረጠበት ከሆነ ስህተት ተፈጽሞ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ያጣሩት። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታም አለበት።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ካዛንቺስ

የእኔ ሕመም ሌላ ነበር፤ በድብርት አራት ወር ከሥራ ቀርቻለሁ። ባልደረቦቼ እንደ ባህላችን ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ቤቴ ድረስ ጠይቀውኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሆኖም አንድም ሰው ስለ ሥራዬ አላነሣም፤ እንዳያስጨንቁኝ ብለው ነው። እኔ ግን ዝምታውን «ቦታሽ ተይዟል» ብዬ ተረጎምኩት፤ ለመመለስም ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ወንድሜ፣ እባክህ ለባልደረባህ ዛሬ ደውልለት፤ መቼ ትመለሳለህ ብለህ ሳይሆን፣ ቦታህ አለ፣ እንዴት እንመልስህ ብለህ ጠይቀው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ደወልኩለት፤ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቅቶት ነበር። የደመወዙንም ጉዳይ አጣርቼ ከዚህ ወር ግማሹ ብቻ ተከፍሎት ስላገኘሁት እንዲታረም ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ «ቀላል ሥራ» ማለት ስንት ኪሎ ነው? በግማሽ ቀን ማስጀመርስ ይቻላል?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ሐኪሙ መቁረጫ ክፍላችሁን አላየውም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያን ያህል ደፍኖ ቢጽፍ አይፈረድበትም። በአንድ ገጽ ሥራውን ይግለጹለት፦ ምን እንደሚነሣ፣ ከምን ከፍታ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚዋል። ከዚያ ስንት ኪሎ ማንሣት እንደሚችል፣ መቼ ዳግመኛ እንደሚታይ በጽሑፍ ይጠይቁት። ወረቀቱን ሠራተኛው ራሱ ይውሰድ፤ የሕመሙን ምንነት ማወቅ ለእርስዎ አያስፈልግዎትም፣ የሚችለውን ማወቅ ይበቃል። ስለ ግማሽ ቀን፣ በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በጡንቻና በአጥንት ሕመም ገና ከጅምሩ በከፊል ሰዓት የሠሩት ወደ መደበኛ ሥራቸው በ12 ቀን፣ ሙሉ በሙሉ ያረፉት በ20 ቀን አማካይ ተመልሰዋል። እዚህ ደግሞ የታክሲ ሰልፉንና በሚኒባስ ተጨናንቆ መቀመጡን አስቡ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገብቶ 8 ሰዓት ቢወጣ ከሁለቱም ግፊያ ይድናል።

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

ለግማሽ ቀኑ ክፍያውና ማብቂያው የሰፈረበት፣ ሁለቱም የፈረሙበት ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ ክፍያው በጉዳት ጊዜ በሕግ ከሚያገኘው እንዳያንስ። ሥራ አስኪያጅዎም ይፈርሙበት።

ጠያቂው፦

ፈርመዋል። ሰኞ በ4 ሰዓት ይገባል፤ ጠረጴዛውን የሚሠራው በያጅም ቅዳሜ ልኬት ሊወስድ ይመጣል።