የፒርስ ወፍጮ ዕቃዎች የጥንቶቹ ናቸው?

ጥያቄ፦
በዋሽንግተን ዲሲ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን የፒርስን የውሃ ወፍጮ ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር ጎበኘን። የድንጋይ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ እንደተሠራ ተነገረን፤ በውስጡ ያሉት ዘንጎችና የእንጨት የማርሽ ጥርሶች ግን ለዚያ ዕድሜ እጅግ ጤነኛ መስለው ታዩኝ። በእርግጥ የመጀመሪያዎቹ ናቸው? ደግሞስ ከታች እስከ ጣሪያ የሚዘልቁት ረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች ሥራቸው ምንድን ነው?

መልስ 1፦
መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። ወፍጮው ለገበያ መፍጨቱን ያቆመው በ1897 ዋናው ዘንግ በተሰበረ ጊዜ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መንግሥት ሲያድሰው የውስጥ ዕቃው በአብዛኛው እንደገና ተሠርቷል። በ1993 እንደገና ሥራ አቁሞ፣ በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ገንዘብ ካሰባሰቡ በኋላ በ2011 ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ግድግዳው የአይዛክ ፒርስ ዘመን ነው፤ የሚሽከረከረው ግን ባብዛኛው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ሣጥኖቹ የኦሊቨር ኢቫንስ ፈጠራ ናቸው። ኢቫንስ በ1790 ለዚህ ዘዴ በአሜሪካ ሦስተኛውን የፈጠራ መብት አግኝቷል። በየሣጥኑ ውስጥ ትናንሽ ባልዲዎች የተሰፉበት ቺንጋ እየዞረ እህሉንና ዱቄቱን ወደ ላይኛው ፎቅ ያወጣል። እዚያም ጥርስ ያለው ረጅም ክንድ ትኩሱን ዱቄት እየበተነ ያቀዘቅዘዋል፤ ቀድሞ ይህን የሚሠራው ልጅ ስለነበር የመሣሪያው የእንግሊዝኛ ስም እስከ ዛሬ «የቋት ልጅ» እንደ ማለት ነው። ኃይሉ ሁሉ ከአንዱ የውሃ መንኮራኩር ስለሚመጣ፣ የወፍጮው ሰው ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ቀረለት።

መልስ 2፦
ያደግሁት በጎጃም የውሃ ወፍጮ ባለበት መንደር ነው። የእኛ መንኮራኩር በአግድም ተኝቶ ቀጥ ባለ ዘንግ የላይኛውን ድንጋይ በቀጥታ ስለሚያዞር ማርሽ አያስፈልገውም ነበር። የፒርስ መንኮራኩር ግን ቆሞ ስለሚዞር፣ እንቅስቃሴውን ወደ ድንጋዩ አቅጣጫ ለመቀየርና ፍጥነቱን ለመጨመር እነዚያ ጥርሶች የግድ ናቸው። ወቀራው ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ድንጋዩ ሲልስ ካልተወቀረ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጭም። አባቴ ወቃሪ ስለነበሩ፣ ያን የመዶሻ ድምፅ ከወፍጮው ድምፅ ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

መልስ 3፦
ጠያቂው አሮጌ ዕቃ ማየት ከፈለጉ በቨርጂኒያ ማውንት ቨርነን አጠገብ ወዳለው የጆርጅ ዋሽንግተን ወፍጮ ይሂዱ። ዋሽንግተን የኢቫንስን ዘዴ በ1791 አስተክለው ነበር። ታሪኩ ግን ከፒርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕንፃው በ1930ዎቹ እንደ አዲስ የቆመ ሲሆን፣ የውስጥ ዕቃው ፍሮንት ሮያል አካባቢ ከነበረ ሌላ አሮጌ ወፍጮ ተነቅሎ የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲነካከሱ ቀርቤ ማየት ስለምወድ የማውንት ቨርነኑን አስቀድማለሁ። ልጆች ካሉ ግን የፒርስ ይሻላል፤ ሲሰለቻቸው ወንዙ ከደጅ ነው።